ሳጉ ልክ ነበር፣ ሞላው ግን አልነበረም

ጓደኛዬ ያገለገለ ባለ 250 ሲሲ ሞተር ገዛ፤ ለኮረኮንች፣ ለድንጋይና ለአሸዋ የተሠራ። ኢንጂኑ ጤነኛ ነው፣ ሰንሰለቱ አዲስ ነው፣ የፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዙት ባለሞላ እግሮች) ጎሚኒ ዘይት አያንጠባጥብም። የሞተሩ ፊት ግን ለቅሶ ነው። ፍሬን ሲነካ አፍንጫው ቁልቁል ይደፋል። ትንሽ ጉብታ ዘሎ ሲያርፍ ፎርኩ መጨረሻው ድረስ ገብቶ «ጓ!» ይላል፤ ከኋላ የምከተለው እኔ ሳልቀር እሰማዋለሁ። አሸዋ ላይ ደግሞ የፊት ጎማው እየተቀበረ መሪውን ወደፈለገበት ይጎትተዋል። ማታ ማታ የእጁ አንጓ ብርጭቆ መያዝ ያቅተዋል።

«ሞላው አርጅቷል፣ በቃ አዲስ ልግዛ» አለኝ።

ገዛን፤ ግን ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ተሳሳትን፣ ሞላው ከመጣ በኋላም አንዴ ደገምን።

ፎርኩ ውስጥ ያለው ነገር ብዙም አያስፈራም። ሁለት እግሮች አሉት። በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ረጅም ሞላ አለ፣ ከሱ ጋር ስፔሰር የሚሉት የቱቦ ቁራጭ፣ ከላይ ክዳን። ክዳኑ ሲጠብቅ ሞላው ጥቂት ሚሊሜትር ይጨመቃል። ይቺ የመነሻ ጭመቃ ፕሪሎድ ትባላለች። ዘይቱ ሌላ ሥራ ነው ያለው፤ ፎርኩ የሚገባበትንና የሚመለስበትን ፍጥነት ይገዛል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ይሄን እናውቅ ነበር። ማለቴ፣ የምናውቅ ይመስለን ነበር።

ሳግ የሚባለውንም እንለካ ነበር። ሳግ ማለት ፎርኩ ክብደት ሲያርፍበት የሚሰምጠው ልክ ነው። አለካኩ ቀላል ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ከጎማው አክስል እስከ ታችኛው ክላምፕ (እግሮቹን ከመሪው ሥር የሚያስረው ማቀፊያ) በሜትር መለካት። ከዚያ ሞተሩን በጎማው አቁሞ መለካት። መጨረሻ ላይ ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ መርገጫው ላይ ሲቆም መለካት። ከተዘረጋው ልክ ላይ ሲቀነስ ሁለት ቁጥር ይገኛል፤ አንዱ ሞተሩ ብቻውን የሚሰምጠው፣ ሌላው ከነሰው የሚሰምጠው። ጎሚኒው ስለሚይዝ ፎርኩ በየቀኑ ሌላ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይችላል። ስለዚህ አንዴ ወደ ታች ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁትና ለኩ፣ አንዴ ወደ ላይ ስባችሁ ልቀቁትና ለኩ፣ መሃሉን ውሰዱ።

የኛ ፎርክ 290 ሚሊሜትር ይጓዛል። ብቻውን 42 ሰመጠ፣ ከነሰው 92። እንዲህ ላለ ፎርክ ብቻውን ከ30 እስከ 35፣ ከነሰው ከ65 እስከ 75 ቢሆን ደግ ነው። የኛው ገና ሳይነዳ ከጉዞው ሲሶ የሚጠጋውን በልቶታል።

እና ምን አደረግን? የሚቀለውን። ባለ 20 ሚሊሜትር ስፔሰር ጨመርን። አሮጌው ፕሪሎድ 10 ነበር፣ 30 አደረስነው። ለካን። ከነሰው 74! ተጨባበጥን።

በነጋታው ያንኑ ጉብታ ዘለለ። «ጓ!»

ያውም ባሰበት። ቀድሞ በለስላሳው የሚያልፋቸው ጠጠሮች አሁን መዳፉን ይጠዘጥዙታል፤ ጎማው ከመሬት ሲነሳ ደግሞ ፎርኩ ወደ ላይ ተወርውሮ መዘርጊያው መጨረሻ ላይ «ቋ» ይላል። ከላይም ከታችም ሆነ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሞተሩ ግን ልክ አይደለም።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ያሰላሁት። የአሮጌው ሞላ ጥንካሬ 0.38 ኪሎ በሚሊሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ 0.38 ኪሎ ይጠይቃል ማለት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 0.76። ፎርኩ መጨረሻው ሲደርስ ሞላዎቹ 290ና ፕሪሎዱ 10 ተደምሮ 300 ሚሊሜትር ተጨምቀዋል፣ ስለዚህ 228 ኪሎ ይገፋሉ። ስፔሰሩ ከገባ በኋላ 320 ሚሊሜትር፣ 243 ኪሎ። ያ ሁሉ ልፋት ከታች የጨመረልን ሰባት በመቶ እንኳን አይሞላም። ከላይ ግን የመነሻው ግፊት ከ7.6 ኪሎ ወደ 22.8 ዘለለ፣ ሦስት እጥፍ። ጠጠሩ መዳፉን የሚጠዘጥዘው ለዚህ ነው። ፕሪሎድ ሞላውን አያጠነክረውም፣ የሚጀምርበትን ቦታ ብቻ ነው የሚቀይረው።

ምልክቱ እኮ ፊታችን ነበር። ስፔሰሩ ከገባ በኋላ ብቻውን የሚሰምጠውን ስንለካ 24 ነበር። ከነሰው ያለው ቁጥር ልክ ሆኖ ብቻውን ያለው ካነሰ ሞላው ለነጂው ለስላሳ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ገልብጦ ነው የሚያነበው፤ ሞተሩ ብቻውን ብዙም ካልሰመጠ ሞላው ጠንካራ ነው ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማነበው። ለስላሳ ሞላ ያንን ከነሰው ያለውን ቁጥር የሚያመጣው በፕሪሎድ ብዛት ስለሆነ፣ ሰውየው ሲወርድ ፎርኩን ጥግ ድረስ ይገፋዋል። በተቃራኒው ጠንካራ ሞላ ትንሽ ፕሪሎድ ስለሚበቃው ሞተሩ ብቻውን ሲሆን ዘና ብሎ ይሰምጣል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ካልታዩ ሳግ ይዋሻል።

የዘይቱን ስህተት ቶሎ ልለፈው፣ ያሳፍራል። 5ደብሊው ዘይት አውጥተን 15ደብሊው አስገባን። ወፍራም ዘይት ፎርኩን ያጠነክረዋል ብለን። በትልልቁ ምት ላይ ትንሽ አዘገየው፣ በተከታታይ ትንንሽ ድንጋይ ላይ ግን ፎርኩ ወደ ውጭ ለመመለስ ጊዜ እያጣ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄዶ መጨረሻ ላይ እንደ ድንጋይ ደረቀ። አወጣነው። ስፔሰሩንም አወጣነው። ወደ ዜሮ።

ሞላው አርጅቷል የሚለውን ነገር ያጣራነው ከዚህ በኋላ ነው፤ መቅደም ነበረበት። ሞላ ሲያረጅ ያጥራል። መመሪያው አዲሱ 480 ሚሊሜትር ነው፣ ከ475 በታች ከወረደ ይቀየር ይላል። የኛዎቹ ሁለቱም 477። ስለዚህ አላረጁም። 0.38 ያልኩትንም ከየትም አላመጣሁትም፣ ለካነው። የኮረንቲ መብሻ ማሽን ቋሚ ስታንድ፣ የሰው ሚዛን፣ አንድ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ሞላው ረጅም ስለሆነ ሲጨመቅ ወገቡ ይጎብጣልና ቱቦ ውስጥ ከትተን ሚዛኑ ላይ አቆምነው፣ በማሽኑ እጀታ ከላይ ተጫንን። 50 ሚሊሜትር ላይ 19 ኪሎ። 100 ላይ 38 ኪሎ። እኩል እየጨመረ ስለሄደ ሞላው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ጥንካሬ አለው ማለት ነው። መነጽር አድርጉ። ሞላው ካመለጠ አያዝንላችሁም።

በዚህ መሃል አንድ ወዳጃችን ሐሳብ አመጣ። «ለምን ትገዛላችሁ? ቁረጡት!»

አልቀለደም፣ መሠረት አለው። የሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት፣ በቀለበቱ ስፋትና በሚሠሩት ቀለበቶች ብዛት ነው። ቀለበቱ ሲቀንስ ሞላው ይጠነክራል። የኛው 26 የሚሠሩ ቀለበቶች አሉት፤ አራት ተኩል ያህል ብንቆርጥ 0.46 ይሆናል። ግን ሌላውን ሒሳብ እዩት። የተቆረጠው ሞላ ቁመቱ 397 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ሽቦው 4.3 ሚሊሜትር ነው፣ ሥራ የሌላቸው የጫፍ ቀለበቶች ሲቆጠሩ 23 ተኩል ቀለበት ይቀራል፣ ሁሉም ተነባብረው ሲነካኩ 101 ሚሊሜትር ይይዛሉ። ስለዚህ ሊጨመቅ የሚችለው 296 ነው። ፎርኩ የሚጠይቀው ደግሞ 300። አራት ሚሊሜትር ሲቀረው ብረት በብረት ላይ ይቆማል። መጋዙን መለስነው።

ወደ ምርጫው። ባለሞተሩ አንድ ሻጭ ጋ ደወለ፣ ክብደትህ ስንት ነው ተባለ።

«85።»

ዞር ብዬ አየሁት። ክብደቱን ሲጠየቅ የማይቀንስ ሰው አላጋጠመኝም። ሻጩ 0.44 ይሆንሃል አለው። ሌላ ሻጭ ለዚያው ክብደት 0.48 አለ። ሦስተኛው ደግሞ ፕሮግረሲቭ የሚሉት ዓይነት ሞላ ካልሆነ አትግዛ ብሎ ጨረሰው። ጓደኛዬ ተስፋ ቆርጦ ሦስቱንም ዋሾዎች ብሎ ሰደባቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚያዩት የክብደት ሠንጠረዥ ግን ውሸት ላይሆን ይችላል። አንዱ ሠንጠረዥ ሰውየውን ራቁቱን ይመዝናል፣ ሌላው ከነጫማው። አንዱ የሚያስበው ትልልቅ ዝላይ የሚዘል የሞቶክሮስ ነጂ ነው፣ ሌላው በድንጋይ መሃል ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው።

ሚዛኑ ላይ አወጣሁት። 94። ቦት ጫማ፣ የጉልበት መከላከያ፣ ሄልሜትና የውሃ ቦርሳ ሲጨመር 106። የሞተሩ አምራች ሞላውን ሲመርጥ ያሰበው ሰው ከዚህ በጣም ይቀላል፤ እንዲህ ያሉ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ 75 ኪሎ ለሚመዝን ነጂ ነው ተሰናድተው የሚወጡት። ሞላው ጥፋት የለበትም። የተሸከመው ሰው ሌላ ነው።

ሠንጠረዡን ትተን ከራሳችን ልኬት ተነሳን። አሮጌው ሞላ ከነሰው 92 ሰመጠ፣ ፕሪሎዱ 10 ሲደመር 102 ሚሊሜትር ተጨምቋል። በ0.76 ሲባዛ 77.5 ኪሎ፤ ፎርኩ የሚሸከመው ይሄን ነው። ሞተሩ ብቻውን ሲሆን 52 በ0.76፣ 39.5 ኪሎ። አሁን ማንኛውንም ሞላ ወረቀት ላይ መሞከር ይቻላል። 0.46 ሲሆን ሁለቱ 0.92፤ በዚያው 10 ፕሪሎድ ከነሰው 74፣ ብቻውን 33። 0.48 ከሆነ 71ና 31። 0.44 ደግሞ 78ና 35፤ ፕሪሎዱ ወደ 15 ከፍ ካለ 73ና 30። ፎርኩ ውስጥ የታፈነውን አየር ግፊት ረስተነዋል፣ ግን ለመነሻ ይበቃል።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፤ ሦስቱም ይሆናሉ። ሳግ ከ0.38 አስወጣን እንጂ በ0.44ና በ0.48 መካከል አልመረጠልንም። የመረጠልን አነዳዱ ነው። ጓደኛዬ ትልልቅ ዝላይ አይዘልም፣ ብዙ ጊዜ ቆሞ ነው የሚነዳው፣ ድንጋይ ይወዳል። ፊቱ ከመጠን በላይ ጠንካራ የሆነ ሞተር ድንጋይ ሲመታ ድንጋዩን አይውጥም፣ ወደ ጎን ይነጥራል። በሌላ በኩል ፍሬን ላይ እጁ ከባድ ነው፤ 0.44 ያንን መሸከሙን ተጠራጠርኩ። 0.46 አልን። እንዲያውም አንዱን እግር 0.44 ሌላውን 0.46 አድርጎ 0.45 ማግኘት ይቻላል። ሁለቱ እግሮች በአክስሉና በክላምፖቹ ስለተያያዙ ጎማው የሚያውቀው ድምሩን ነው፣ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን አይጎትትም። ቁጥሮች መሃል ለሚወድቅ ሰው ጥሩ መውጫ ነው። እኛ አልፈለግነውም።

ፕሮግረሲቩንስ? እየተጨመቀ ሲሄድ የሚጠነክር ሞላ ነው፣ ወሬው ያማልላል። የኔ ችግር ፎርኩ ያለሱም ፕሮግረሲቭ መሆኑ ነው። ከዘይቱ በላይ ያለው አየር ፎርኩ ሲገባ ወደ ሲሶው ይታመቃል፣ መጨረሻ አካባቢ ራሱ ሁለተኛ ሞላ ይሆናል፤ ዘይት በመጨመርና በመቀነስ ደግሞ እንደፈለጋችሁ ታስተካክሉታላችሁ። የተጠመጠመ ሽቦ ግን አይስተካከልም። በዚያ ላይ ሪባውንዱን፣ ማለትም ፎርኩ የሚመለስበትን ፍጥነት፣ ለየትኛው ጥንካሬ ነው የምታስተካክሉት፣ ለላዩ ወይስ ለታቹ? አስፋልት ላይ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ ሰው ጭኖ ለሚሄድ እሺ። ለዚህ ሞተር አልመረጥኩትም።

ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ሞላ ጥንካሬው በኪሎ ይጻፍበታል፣ አንዳንዱ በኒውተን። ኦሊንስና ደብሊውፒ የተባሉት አምራቾች ኒውተን ይጠቀማሉ። 4.6 የሚል ካያችሁ 4.6 ኒውተን በሚሊሜትር ነው፣ በኪሎ ሲሆን 0.47 ገደማ። ልዩነቱ ሁለት በመቶ ስለሆነ አያጣላም፣ ነጥቡን ያላየ ሰው ግን አሥር እጥፍ የጠነከረ ሞላ የመጣለት መስሎት ሲደነግጥ አይቻለሁ።

አዲሱ ሞላ መጣ። ከአሮጌው ጎን ስናስቀምጠው ጓደኛዬ ፊቱ ጠቆረ። «አንድ ናቸው እኮ!» በዓይን አዎ፣ አንድ ናቸው። ካሊፐር ሰጠሁት። አሮጌው ሽቦ 4.3፣ አዲሱ 4.5። የፀጉር ያህል ልዩነት፤ ግን ጥንካሬው በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። 4.5 ለ4.3 ተካፍሎ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.2 ይመጣል። ሃያ በመቶ። ከ0.38 ወደ 0.46 የሚወስደው መንገድ አብዛኛው ያቺ ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ናት።

መግጠሙ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሞተሩን ከሥሩ ደግፈን የፊት ጎማውን ከመሬት አነሳን። የላይኛውን ክላምፕ ብሎን ላላ አድርገን ክዳኑን ያላላነው ግን እግሩ ገና በታችኛው ክላምፕ እንደተያዘ ነው፤ አውጥታችሁ መሬት ላይ ክዳን ለመፍታት ከሞከራችሁ ፎርኩን የሚይዝላችሁ ሦስተኛ እጅ ትፈልጋላችሁ። ዘይቱን ደፋን። ጠቁሮ ነበር፣ የሚያብለጨልጭ የብረት ዱቄት ነበረበት። አዲስ 5ደብሊው ሞልተን፣ አየሩ እስኪወጣ ዘንጉን ደጋግመን ከፍ ዝቅ አድርገን፣ ሞላው ሳይገባና ፎርኩ ሙሉ በሙሉ እንደገባ የዘይቱን ከፍታ ከቱቦው አፍ በታች 130 ሚሊሜትር ላይ አቆምነው። ለዚህ የሚጠቅመው ጫፉ ላይ ቀጭን ቱቦ የታሰረበት ትልቅ መርፌ ነው። ቱቦውን 130 ላይ ምልክት አድርጎ አስገብቶ የተረፈውን መምጠጥ። በዓይን አትገምቱ።

ሦስተኛው ስህተት እዚህ ገባ። ገጥመን ጨርሰን ለካን፤ ከነሰው 66፣ ብቻውን 25። ወረቀቱ 74ና 33 ነበር ያለው። ጓደኛዬ ሞላው 0.46 አይደለም፣ ተሸወድን አለ፤ እኔም ለአምስት ደቂቃ አመንኩት። ከዚያ ቁጥሮቹን አየኋቸው። ሁለቱም የቀነሱት በእኩል 8 ነው። ሞላው ሌላ ጥንካሬ ቢኖረው ሁለቱ በእኩል አይቀንሱም ነበር፣ በእኩል የሚያንቀሳቅሳቸው ፕሪሎድ ብቻ ነው። አዲሱ ሞላ ቁመቱ 485 ነው፣ አሮጌው 477። ስፔሰሩን ሳናሳጥር ነው የገጠምነው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉት እንዲህ ነው። ፈታን፣ ከእያንዳንዱ ስፔሰር 8 ሚሊሜትር ቆረጥን፣ ጫፉ ሰያፍ እንዳይሆን በሞረድ ቀጥ አደረግን። እንደገና ለካን። 73ና 32።

ሪባውንዱን ሁለት ክሊክ አጠበቅን፤ የጠነከረ ሞላ ሲመለስም በኃይል ነው። የሚያብረቀርቀው የፎርክ ቱቦ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርን፣ እስከየት እንደገባ እንዲያሳየን። ወደ ጉብታው ሄደ።

ድምፅ የለም።

ማሰሪያው መጨረሻው ሊደርስ 10 ሚሊሜትር ገደማ ሲቀረው ቆሟል። ሌላው ቀን ሙሉ ሲነዳ 25 ያህል ይተርፈው ነበር። ሳምንት ቆይቶ አንድ ያላየው ቦይ ውስጥ ሲገባ ጥጉን በስሱ ነካው፤ ዘይቱን በ10 ሚሊሜትር ከፍ አድርገን 120 ላይ አቆምነው፣ ከዚያ ወዲህ አልነካም። ጠጠሩ ላይም ከስፔሰሩ ዘመን በጣም የለሰለሰ ነው። ሰው ሲነገረው አያምንም፣ በጠንካራ ሞላ ሞተሩ ለሰለሰ ስትሉት ይስቃል። ግን ፎርኩ አሁን መሃል ላይ ስለሚሠራ ጥጉ ላይ አይውልም።

ነፃ ነገር ግን የለም። ፊቱ ወደ 20 ሚሊሜትር ስለተነሳ የመሪው ዘንበልታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ተለወጠ። ጠባብ መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ይንቀረፈፋል፣ ሰፋ አድርጎ ይወጣል። ቱቦዎቹን በክላምፖቹ ውስጥ 5 ሚሊሜትር ወደ ላይ አወጣናቸው። ስታደርጉት ፎርኩ ሙሉ ሲገባ ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ፣ የቱቦው ጫፍም መሪውን እንዳይገፋ እዩ። ተሻለ፣ አልዳነም።

ያኔ ነው የኋላውን መለካት የታወሰን። ከነሰው 104። ለኋላ 100 አካባቢ ነው የሚፈለገው፣ ምንም አይልም። ጓደኛዬ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ።

«ቆይ» አልኩት፣ «ብቻውንም ለካው።»

ለካ። 14።

ሜትሩን እንደያዘ ትንሽ ዝም አለና ሚዛኑን ሊያመጣ ሄደ።